የአባቴ ምርመራ

የአባቴ ታላቅ ወንድም በትልቁ አንጀት ካንሰር ሲሞቱ፣ ለቅሶው ላይ የበሽታውን ስም የጠራ ሰው አልነበረም። «ሆዳቸውን ያማቸው ነበር» ተባለና ታለፈ። እኔ ግን ደሴ ላይ ያከማቸው ሐኪም ያለውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይህ በሽታ በቤተሰብ ሊሄድ ይችላል፣ የታማሚው ወንድም ወይም እህት የሆነ ሁሉ ምንም ባያመውም ይመርመር፣ ቀድሞ ከተደረሰበት ይድናል ነበር ያለን። ከአጎቴ ወንድሞችና እህቶች በሕይወት የቀሩት ደግሞ አባቴ ብቻ ናቸው።

አባቴ ቄስ ናቸው። ከሐይቅ ከተማ ወደ አምባሰል በሚወስደው በኩል፣ ከመንገዱ ገባ ብሎ ባለ መንደር ያርሳሉ፣ በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ይቀድሳሉ። እኔ ከተማው ውስጥ አውራ ጎዳናው ዳር አሣ ቤት አለኝ። ቀኑን ሙሉ የቆሮሶ አሣ ሆድ ዕቃ ስጎለጉል ስለምውል ስለ አንጀት ማውራት አያሳፍረኝም። እሳቸውን ያሳፍራቸዋል። ክረምቱን ሙሉ ለመንኳቸው። አንዴ ጾም ነው፣ አንዴ ዝናብ ነው፣ አንዴ ደግሞ በሬው ታሟል ይሉኛል። በሬው እንኳ ሲታመም ሐኪም ይጠራለታል ብዬ ተቆጥቻቸዋለሁ።

መስቀል እንዳለፈ እሺ አሉኝና ሐይቅ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ወሰድኳቸው። ነርሷ ገና ልጅ ናት፣ ግን በትዕግሥት አስረዳቻቸው። አንደኛው መንገድ ሰገራ ሰጥቶ በዓይን የማይታይ ደም እንዳለበትና እንደሌለበት በየዓመቱ ማስመርመር ነው። ሁለተኛው ደሴ ሄዶ በኋላ በኩል በሚገባ ቀጭን ካሜራ አንጀትን ማሳየት ነው፤ ይኼኛው ደህና ከሆነ ቶሎ አይደገምም።

«ምርጫው የእርስዎ ነው አባ» አለቻቸው።

እኔ በውስጤ ተናደድኩባት። አባቴን ባታውቅ ነው። ምርጫ ከተሰጣቸው የሚመርጡት መቅረትን ነው ብዬ አሰብኩ። እሳቸው ግን «ዕቃዋን ስጪኝ» አሉና ክዳን ያላትን ትንሽ ፕላስቲክ ተቀብለው በጋቢያቸው ሸፈኗት። ከመውጣታቸው በፊት አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ደም አለበት ከተባለ፣ እየደማሁ ነው ማለት ነው?»

«አዎ፣ ጥቂት ጥቂት። እርስዎ ላያዩት ይችላሉ።»

ደም የሚፈሰው ቄስ መቅደስ አይገባም። አባቴ አንድ ጊዜ ማጭድ ጣታቸውን ቆርጧቸው፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ድረስ ከሕዝቡ ጋር ከውጭ ቆመው ሲያስቀድሱ አይቻለሁ። ጥያቄያቸው ከዚያ እንደመጣ ያኔ ልብ አላልኩም፤ እሺ ማለታቸው ብቻ አስደስቶኝ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ልቀበል ስሄድ ዕቃዋን በጥቁር ፌስታል ጠቅልላ የሰጠችኝ እናቴ ናት። «በይ ቀጥ አድርገሽ ያዥው» አለችኝና ሳቅን። የባጃጁ ልጅ እንደ ዕንቁላል አቅፌ መያዜን አይቶ «ማር ነው እንዴ?» ቢለኝ፣ «የቄስ በረከት ነው» አልኩት። ያን ቀን ቀልድም አልጠፋብኝም።

ውጤቱ ደም አለበት የሚል ሆነ። ነርሷ ፊቴን አይታ «አብሽሪ» አለችኝ። ካንሰር ነው ማለት አይደለም፣ ኪንታሮትም ጨጓራም ሊሆን ይችላል፣ ካሜራው ግን ግድ ነው አለች። አሣ ቤቴን ዘግቼ ወደ መንደር ወጣሁ። ሁለቱም ቤት ነበሩ። ስነግራቸው አባቴ እኔን ሳይሆን እናቴን አዩ። እናቴ ምስር እየለቀመች ነበር፤ እጇ ቆም አለና ቀጠለ።

«እግዚአብሔር ያውቃል» አሉ አባቴ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ፍዳ እኔ ነኝ የማውቀው። ደሴ ቀጠሮ አስያዝኩ፣ ተዝካር አለብኝ ብለው ቀሩ። እንደገና አስያዝኩ፣ ደህና ነኝ ብለው ቀሩ። አለቀስኩ፣ አኮረፍኩ፣ ተመልሼ ለመንኩ። በመጨረሻ በገዛ አባቴ ላይ ሽማግሌ ላክሁ። ሽማግሌዎቹ ጠላቸውን ጠጥተው ተመለሱና «መምሬስ ደህና ናቸው፣ አንቺን ነው ያልተሻለሽ» አሉኝ። እናቴ ሁልጊዜ አንድ ቃል ነበራት፦

«ተያቸው ልጄ። ሰው በግድ አይታከምም።»

«አንቺስ አትፈሪም?» ስላት «ምን ብዬ እፈራለሁ» ትለኛለች። በእነዚያ ወራት ቀሚሷ እየሰፋባት ሄደ። ለእሳቸው ስትጨነቅ ነው ብዬ አባቴን የበለጠ ጠላኋቸው። ፊት ለፊት «እናቴን እየጨረሷት ነው» ብያቸዋለሁ። አንገታቸውን ደፉ። እኔ ደግሞ ነገሬ የገባቸው መስሎኝ ደስ አለኝ።

ጥምቀት ደረሰ። ታቦታቱ ወደ ሐይቁ ዳር ሲወርዱ እንደ ሰው ሁሉ እኔም ሥራ አቁሜ ወጣሁ። ሰዉ እልል ሲል ቀና ብዬ ባይ፣ የእኛን ታቦት የተሸከሙት አባቴ ናቸው። እኔ ጾሜን ከመጾም አልፌ የምመራመር ሰው አይደለሁም፣ አባቴን ግን አውቃለሁ። ለተቆረጠ ጣት ከመቅደስ የቀሩ ሰውዬ፣ ደም አለብዎ ተብለው ታቦት ይሸከማሉ? ከዚህ ይልቅ ሰረቁ ቢባል አምናለሁ። እልልታው አልመጣልኝም፤ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ቆምኩ።

ታቦቱ መንበሩ ከገባ በኋላ እቤት ሄድኩ። ሰላምታም አላስቀደምኩም።

«አባዬ፣ ደም እያለብዎ ታቦት ተሸከሙ?»

እንደዚያ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም። «አንቺ ልጅ፣ ምን ያለ ነገር ነው የምትናገሪው! እኔ ደም የለብኝም!»

«ውጤቱስ?»

«ደሙ የእኔ አይደለም!»

ሲወጣባቸው ራሳቸውም ደነገጡ። እኔን መዋሸት ችለውበት ነበር፤ ታቦት አርክሰዋል መባልን ግን ሊችሉት አልቻሉም።

«የማን ነው ታዲያ?»

የመለሰችልኝ ከጓዳው በር ላይ የቆመችው እናቴ ናት።

«የእኔ ነው» አለች፣ ስለ እርጎ የተጠየቀች ያህል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ደም ቢገኝብኝ ከመቅደስ እቀራለሁ ብለው ፈሩ። በሽታው በእኛ ዘር ነው፣ አንቺ ከእኛ ዘር አይደለሽም፣ የአንቺ ንጹሕ ነው ብለው እናቴን ለመኗት። ሰጠቻቸው። ውጤቱ ሲመጣ የደሙን ባለቤት ሁለቱም ያውቁ ነበር፤ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እሳቸው ዝም ያሉት ውሸታቸው እንዳይወጣ ነው። እሷ ዝም ያለችው እሳቸው ዝም ስላሉ ነው።

እንደዚያ ቀን ተከድቼ አላውቅም። ያን ሁሉ ወር የጮህኩት፣ የለመንኩት፣ ስለት የተሳልኩት ደም ላልተገኘበት ሰው ነበር። የታመመችው እዚያው ተቀምጣ ውሃ ታቀብለኝ ነበር። ሁለቱም እንባዬን አይተዋል። አንዳቸውም «በቃሽ» አላሉኝም። ደግሞ «ሰው በግድ አይታከምም» ስትለኝ የከረመችው ስለ ራሷ ነበር።

«ሚስትዎ እኮ ናት!» ብዬ ጮህኩባቸው። «ዛሬ ነገ እነግርሻለሁ እያልኩ» አሉ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ፤ እውነቱን ለመናገር አላሳዘኑኝም።

በማግሥቱ እናቴን ይዤ ደሴ ገባሁ። አንድ ጊዜ እንኳ እምቢ አላለችም። አንጀት የሚያጥበውን ፈሳሽ ጠጪ ሲሏት ጠጣች፣ ተኚ ሲሏት ተኛች። ካሜራው ዕጢ አገኘ። ሐኪሙ ቆርሶ ለምርመራ እንደላከና ቀዶ ጥገና ሳይዘገይ መደረግ እንዳለበት ነገረን። ከዚያ እየጻፈ ጠየቀን።

«ሰገራዋ ውስጥ ደም እንዳለ ካወቃችሁ ምን ያህል ጊዜ ሆናችሁ?»

አፌን ከመክፈቴ በፊት እናቴ ቀደመችኝ። «ሰሞኑን ነው ያወቅነው ዶክተር።»

አልጋው ላይ ተኝታ፣ ከአሁን አሁን ትሞትብኛለች እያልኩ እጇን ይዤ ሳለሁ፣ አሁንም እሳቸውን ትሸፍናለች። እጇን ለቀቅኩት።

«ውሸቷን ነው» አልኩ። «ከመስቀል ጀምሮ ይታወቃል። አባቴ ናቸው የደበቁት።»

ሐኪሙ ጻፈው። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ተናገረችኝ፦

«የመምሬን ገበና በሰው ፊት አወጣሽው።»

ቀዶ ጥገናው ተደርጎላት ዳነች። ክትትል አለባት፣ ቀጠሮዋን አንድም ቀን አጓድላ አታውቅም። እኔ አብሬሽ ልሂድ ስላት ግን አይዋጥላትም። ይዛ የምትሄደው አባቴን ነው። ሚኒባሱ ወደ ደሴ የሚያልፈው በአሣ ቤቴ ፊት ነውና ጎን ለጎን ተቀምጠው አያቸዋለሁ፤ እሷ በመስኮቱ በኩል፣ እሳቸው መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መሐል ይዘው። ሐኪሙ ዘንድ ገብተው ይወጣሉ። የወንድማቸው ነገር ተነሥቶ እንደሆነ አላውቅም።

እሳቸው እስከ ዛሬ አልተመረመሩም። ባለፈው ፋሲካ አንዴ አነሣሁባቸው። «የእናትሽ ይበቃናል» አሉኝና ወደ ሌላ ወሬ ገቡ። ከዚያ ወዲህ አልጠየቅኋቸውም። ነገ ተነሥተው «ተመረመርኩ ልጄ፣ ደህና ነኝ» ቢሉኝም አላምናቸውም።