ለእትዬ ሐዋ ያልተረጎምኩላቸው

ከዚህ በታች የምጽፈውን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለአባቴም ለእናቴም አልነገርኩም፤ ከሁሉ በፊት ልነግራት ይገባኝ ለነበረችው ለሰዓዳም አልነገርኳትም።

ዘንድሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችሁን ለምትጨርሱ ልጆቻችን ምክር እንድጽፍ የጠየቁኝ እዚህ ካርቱም ያሉት የማኅበራችን ሽማግሌዎች ናቸው። ኮሌጅ እንዴት እንደሚመረጥ፣ አዲስ ቦታ እንዴት እንደሚለመድ። «አንቺ ጨዋ ልጅ ነሽ፤ ገና አንደኛ ዓመት ስለሆንሽ ነገሩ አልራቀሽም» አሉኝ። እምቢ ማለት አልችልበትም። ተቀመጥኩና ጀመርኩ። ኮሌጁን በስሙ ብቻ አትምረጡ፤ ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩት። የምታድሩበትን ክፍል አሳዩን በሉ። ማታ በሩን ማን እንደሚዘጋ ጠይቁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብቻችሁን አትቀመጡ፤ አጠገባችሁ ካለችው ልጅ ጋር ተዋወቁ። የመምህሩ ዐረብኛ ከፈጠነባችሁ አትፈሩ፤ እጃችሁን አውጡና ይድገምልን በሉ።

ሁሉም እውነት ነው። ነገር ግን ስለ በሩ የጻፍኩትን መልሼ ሳነበው እጄ ቆመ። ያንን ጥያቄ አንዲት እናት በእኔ በኩል ጠይቀው ነበር፤ በውሸት የመለስኩላቸው እኔ ነኝ። እኔ ማን ሆኜ ነው የምመክራችሁ?

ሰዓዳ በትምህርት ቤት አንድ ክፍል ትቀድመኝ ነበር። እናቷ እትዬ ሐዋ ከወሎ የመጡ ናቸው። ያኔ ካፉሪ ሰፈር ውስጥ በአንድ ትልቅ ቤት ይሠሩ ነበር፤ እናትና ልጅ የሚኖሩትም ከዚያው ግቢ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነበር። የእኛ ቤት ቡሪ ነው። አርብ አርብ በሐፍላ፣ በሕዝብ አውቶቡስ፣ ድልድዩን ተሻግሬ እሄዳለሁ፤ ሰዓዳ ኬሚስትሪ ታስጠናኛለች። አስተማሪው ሦስት ጊዜ ነግሮኝ ያልገባኝ እሷ አንዴ ስትነግረኝ ይገባኛል።

ሰዓዳ የሸሃዳ፣ የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ፣ ፈተናዋን በጥሩ ውጤት አለፈች፤ ወድ መደኒ ያለ አንድ የነርሶች ኮሌጅም ተቀበላት። ከልጅነቷ የተመኘችው ይህንኑ ነበር። የቀረው የእናቷ እሺታ ብቻ ነው። እትዬ ሐዋ ግን «የሴቶቹን ማደሪያ የምትጠብቀዋን ሴት ፊቷን ሳላይ ልጄን ባዕድ ከተማ አላሳድርም» አሉ። የሚሠሩበት ቤት እመቤት ደግሞ ሰው ካልተተካ የአንድ ቀን ፈቃድ አትሰጥም። ስለዚህ ለዚያ ቀን ሰዓዳ በእናቷ ቦታ ሥራ ገባች፤ ወደ ወድ መደኒ ከእትዬ ሐዋ ጋር የሄድኩት እኔ ነኝ።

ለምን እኔ? እናንተ ታውቁታላችሁ። በእኛ ቤቶች ዐረብኛ የተማረ ልጅ የጎረቤቱ ሁሉ አፍ ነው። ሐኪም ቤት፣ ፖሊስ ጣቢያ፣ አከራይ ዘንድ ትልልቆቹን ይዘን የምንሄደው እኛ ነን። እትዬ ሐዋ የማድ ቤቱን ዐረብኛ ይችሉታል፤ ቢሮ ሲገቡ ግን ሁሉም ነገር ይጠፋባቸዋል። እኔ ያልኩትን ከማመን በቀር ምን ምርጫ ነበራቸው? እኔስ ስንት ጊዜ «አንደበቷ የቀና ልጅ» ተብዬ ተመርቄ ነበር? ምርቃቱን እወደው ነበር። በምርቃቱ እኮራ ነበር።

በመንገድ ላይ እትዬ ሐዋ በመስኮቱ የጀዚራን ሜዳ እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጋራ የሌለበት አገር! እዚህ ሰው ቢጠፋ ምን ላይ ወጥተው ይጣሩታል?» አሉ። ሁለታችንም ሳቅን። እሳቸው ግን እየፈሩ ነበር የሚስቁት።

የማደሪያዋ ኃላፊ፣ ሙሽሪፋዋ፣ ደልደል ያለች ሳቂታ ሴት ነበረች። ወንበሯን ትታ ከእትዬ ሐዋ ጎን ተቀመጠች። እትዬ ሐዋ ወደ እኔ ዞረው «በያት እስቲ፤ ማታ በሩን የሚዘጋው ማነው? ልጄ ብትታመም ማን ያያታል? ባዕድ ናት ብለው ቢገፏትስ?» አሉ።

ጠየቅኋት። ረጅም መልስ ሰጠች፤ አንዲት እናት ልትሰማ የምትፈልገው መልስ ነበር። እትዬ ሐዋ ቃሉ ሳይገባቸው ፊቷን ብቻ አይተው ፊታቸው ይፈታ ጀመር። እሺ ሊሉ እንደሆነ አየሁ። ያኔ መጪው ዓመት መጣብኝ። የእኔ የፈተና ዓመት። ሰዓዳ የለችም፤ ኬሚስትሪውን የሚያስረዳኝ የለም፤ ልወድቅ ነው።

«ምን አለች?» አሉኝ።

«በሩ ማታ አይዘጋም አለች። ለውጭ አገር ልጆች ደግሞ ኃላፊነት አንወስድም አለች።»

«ያረቢ! እየሳቀች ነው እንዲህ የምትለው?»

«አዎ» አልኩ።

ወደ ሙሽሪፋዋ ዞሬ ደግሞ በዐረብኛ፣ እናትየዋ ያመሰግኑሻል፣ ግን ልጅቷ ለቤት ስለምትፈለግ አትመጣም አልኳት። አዘነች። ለእትዬ ሐዋ እጇን ስትዘረጋ እትዬ ሐዋ በጣታቸው ጫፍ ነካ አድርገዋት ወጡ።

አምልጦኝ ነው ልበል? አላመለጠኝም። ሁለት ጊዜ ዋሸሁ፤ በሁለት ቋንቋ ዋሸሁ። ለማረም የመመለሻው መንገድ ሁሉ ነበረኝ። ሐፍላው ውስጥ እትዬ ሐዋ እጄን ይዘው «አንቺ ባትኖሪ ልጄን በገዛ እጄ ለጅብ ሰጥቼ ነበር» ሲሉኝ አፌን መክፈት እችል ነበር። አልከፈትኩም። «ኢንሻአላህ እዚሁ ካርቱም ይገኝላታል» አልኳቸው። እንዲህ ብዬ አጽናናኋቸው፤ እኔ!

ሰዓዳ የእናቷን ሽርጥ እንደታጠቀች በሩን ከፈተችልን። ፊታችንን አየችና አልጠየቀችም። እናቷ የሆነውን ነገሯት። «ኸላስ» አለች፤ በቃ ማለቷ ነው። ወደ ሳህኖቿ ተመለሰች።

በሚቀጥለው ዓመት ካርቱም ውስጥ እንፈልጋለን ተባለ። ግን ብዙም ሳይቆይ የእትዬ ሐዋ ወገብ ታመመና ሥራቸውን ሰዓዳ ያዘች። ኋላም እዚሁ ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ ሰፈር፣ ሌላ ቤት ተቀጠረች፤ የምታድረውም እዚያው ነው። ያን የፈተናዬን ዓመት ሙሉ ግን አርብ አርብ አስጠናችኝ። ድካም ይዟት ዓይኗ እየተከደነ አስጠናችኝ። አለፍኩ። ውጤቴ ሲሰማ ከሁሉ ቀድማ እልል ያለችው እሷ ናት። አሁን ኮሌጅ የተቀመጥኩበት ወንበር የእሷ ነው ብዬ ብጽፍ እንኳ ራሴን ማሳመር ይሆናል። የእሷ ወንበር ወድ መደኒ ነበር፤ ሌላ ሰው ተቀመጠበት።

እዚህ ድረስ ጽፌ አቆምኩ። ከሰዓዳ በፊት እናንተ ልታነቡት እንደሆነ የታየኝ ያኔ ነው። ወረቀቱን ትቼ ተነሣሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት እትዬ ሐዋ ዘንድ ነው፤ አሁን እኛው ሰፈር ተከራይተው ይኖራሉ። ቆሜ ነገርኳቸው። «ወላሂ በይ» አሉኝ። ወላሂ አልኩ።

«ልጄን እኔ አስቀረኋት ብዬ ሁለት ዓመት ቀና ብዬ አላየኋትም» አሉ። ይህን አላውቅም ነበር። የጎዳሁት አንድ ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር።

«ለሰዓዳ ይንገሩልኝ» ልል አፌን ስከፍት ገባቸው። «ሂጂና ራስሽ ንገሪያት። እኔ ላንቺ አላስተረጉምም» አሉኝ።

ሄድኩ። ሰዓዳ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወደ ግቢው በር ወጣች። «ምነው፣ ኬሚስትሪ ጠፋብሽ ደግሞ?» ብላ ሳቀችብኝ። ነገርኳት። ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ፤ ቀስ እያለ ነው የጠፋው። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ። የጠየቀችኝ ግን አንድ ነገር ነው።

«ሴትዮዋ ምን ነበር ያለችው? አንድ ቃል ሳታስቀሪ።»

አንድ ቃል አልረሳሁም ነበር። «በሩን የምዘጋው ራሴ ነኝ፤ ቁልፉ እኔ ጋ ነው የሚያድረው አለች። የታመመች ልጅ እኔ ክፍል ነው የምትተኛው አለች። ከጁባም ከፖርት ሱዳንም ከአስመራም የመጡ ልጆች አሉኝ፣ እዚህ ባዕድ የሚባል የለም አለች። በመስኮቱ በኩል አንድ አልጋ አለ፤ ሰዓዳ ቀድማ ከመጣች የእሷ ነው አለች።»

«ስሜን ጠርታ?»

«ስምሽን ጠርታ።»

«ሌላስ?»

«እናቷ አርብ አርብ ትምጣና አብረን እንበላለን አለች።»

«ሌላስ?»

ሌላ አልነበረም። ሰዓዳ ግን የቀረ ነገር ያለ ይመስል አፍ አፌን እያየች ቆመች። ከውስጥ «ያ ሰዓዳ!» ብለው ተጣሩ። ገባችና በሩን ዘጋችው።

ይቅርታ አልጠየቅኋትም። የምትከለክለኝ ልጅ አይደለችም፤ ብጠይቃት እዚያው በር ላይ ቆማ ትሰጠኝ ነበር፤ ከእሷ አንድ ነገር ደግሜ መውሰድ ሆነብኝ። እናንተንም አልጠይቅም። የዘንድሮ ምዝገባ ሊከፈት ነው፤ ሰዓዳ ታመልክት አታመልክት የመጠየቅ መብት የለኝም። ሽማግሌዎቹ ይህን ባያነቡላችሁ አልቀየምም። ካነበቡላችሁ ግን «ልጅ ነበረች» ብላችሁ አታለሳልሱልኝ። ልጅ ስለነበርኩ አይደለም የዋሸሁት፤ ስለፈራሁ ብቻም አይደለም። ይጠቅመኝ ስለነበር ዋሸሁ። ጠቀመኝም።