ድባቡ ላይ የቀረ ፊት

በአሥራ ስድስት ዓመቴ ፊቴ የሰው ፊት አልነበረም። ግንባሬም ጉንጬም አገጬም ብጉር ብቻ ነበር፤ ያውም መግል የቋጠረ፣ ሲነኩት የሚያም። ላሊበላ ደግሞ ያን ጊዜ ትንሽ ከተማ ነበረች፤ ሰው የሚያየው ሲያጣ የሰው ፊት ያያል። የክፍሌ ልጆች "ባል አምሯት ነው" ይሉኛል። የጎረቤት ሴቶች አንዷ ፌጦ ቀቢበት፣ ሌላዋ የጠዋት ምራቅ ነው መድኃኒቱ ትላለች። ሁሉንም ሞክሬዋለሁ። ፌጦው አቃጠለኝ፣ ምራቁ አስጠላኝ። ጸበልም ሰባት ቀን ተጠምቄያለሁ።

አባቴ ቄስ ነበሩ። "ፊት ምን ያደርጋል፣ ዋናው ልብ ነው" ይሉኛል። ለእሳቸው ቀላል ነው፤ ግማሽ ፊታቸው ጢም ነው!

ክረምት ላይ ደሴ አክስቴ ቤት ሄድኩ። አክስቴ ገና በር ላይ አየችኝና "ውይ በሞትኩልሽ! ይህን ተሸክመሽ ነው የምትዞሪው?" ብላ በማግስቱ ሆስፒታል ወሰደችኝ። ሐኪሙ ፈረንጅ ነበር፤ በደርግ ጊዜ ከሶሻሊስት አገሮች ከመጡት አንዱ። ፊቴን በብርሃን አገላብጦ አየና ወረቀት ጻፈልኝ። በወረቀቱ ከመድኃኒት ቤት የተሰጠኝ አንዲት ነጭ ቱቦ ቅባት ናት። አስተርጓሚ ሆና የቆመችው ነርስ አንድ ባንድ ነገረችኝ፦ "ጠዋትና ማታ፣ የአተር ፍሬ የምታህል ብቻ። መጀመሪያ ያቃጥልሻል፣ ይልጥሻል፣ አትፍሪ። ቀለም ያለው ጨርቅ ግን እንዳታስነኪው፤ ቀለም ይበላል።"

እውነቷን ነው፣ አቃጠለኝ። ላሊበላ ተመልሼ ስቀባው ፊቴ እንደ ተቀቀለ ድንች ተላጠ። እናቴ "ፈረንጅ አቃጥሎ ላከልኝ!" ብላ አለቀሰች። ቱቦዋን ልትጥልብኝም ፈልጋ ነበር፤ እኔ ግን ጉያዬ ውስጥ ሸጉጬ እዞራለሁ። በሁለተኛው ወር ብጉሩ መክሰም ጀመረ። ግንባሬ ጠራ፤ ጉንጬ ብቻ እምቢ አለ። የአረንጓዴው ቀሚሴ አንገት ግን እየነጣ መጣ። እናቴ የቀበሌውን ሳሙና ረገመች። ምክንያቱን የማውቀው እኔ ሳቄ እየመጣ ዝም አልኩ። ዝምታን የተለማመድኩት በዚያ በቀሚሴ አንገት ነው።

በዚያ ዓመት ለደብራችን አዲስ ድባብ ይሰፋ ነበር። ድባብ ታቦቱ ሲወጣ በላዩ የሚዘረጋው ጃንጥላ ነው። የድሮው ተበልቶ አልቆ ነበር። እንኳን ከፋይ ጨርቅ አቡጀዲም በወረፋ በሚገኝበት ዘመን፣ አንዲት ሴት ለስለቷ ጥቁር ሰማያዊ ከፋይ ከአዲስ አበባ ድረስ ይዛ መጣች። ሰው ሁሉ እልል አለ። ከፋዩ ለልብስ ሰፊው ተሰጠ። እኚህ የሙጃ ተወላጅ፣ ዝምተኛ ሽማግሌ ነበሩ፤ ገበያው ዳር አንድ የስፌት መኪና አላቸው። የቤተ ክርስቲያን ልብስ ሲሰፉ ሳይጾሙ መርፌ አይነኩም፤ ዋጋም አይቀበሉም።

ከከተራ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ሥራቸውን ጨረሱ። አባቴ ድባቡን ሊቀበሉ ሄዱ። የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚይዙት ገበዝ ግን ለቀብር ኮን ከተማ ሄደው ስለነበር ዕቃ ቤቱ ተቆልፎ ነበር። አባቴ "እስኪመጡ እኛ ዘንድ ይቆይ" ብለው እንደታጠፈ በነጭ ሸማ ጠቅልለው ሣጥኑ ላይ አስቀመጡት። "እንዳትነኩት" ብለውም ወጡ። እናቴም ውሃ ልትቀዳ ወረደች።

እኔ ቅባቴን ተቀብቼ ገና አልደረቀልኝም። ሸማውን ገለጥኩት። ያ ከፋይ! እጄ ሲያርፍበት ይሰምጣል። እኛ አገር ሰው የቤተ ክርስቲያን በር ይስማል፣ ግንባሩን ግድግዳው ላይ ያሳርፋል፣ ያመመውን አካል በመስቀል ያስዳብሳል። እኔም ታቦት ሊጠለልበት የተሰፋ ጨርቅ ከዚያ በምን ያንሳል ብዬ፣ ፊቴን ከነቅባቱ ቀበርኩበት። አቡነ ዘበሰማያትን ሦስት ጊዜ እስክደግም ተጫንኩት። "ጉንጬን አጥራልኝ" አልኩ። ሐኪሙም ይርዳኝ፣ ታቦቱም ይርዳኝ ብዬ ነው። ከሁለቱ አንዱን ባምን ምን ነበረበት!

የነርሷ ቃል ትዝ አላለኝም ብል ደስ ይለኝ ነበር። ግን ትዝ ብሎኛል። ሸማውን መልሼ እንደሸፈንኩ ትዝ ብሎኛል። ደንግጬ ገልጬ አየሁት፤ ያው ሰማያዊ ነው፣ ምንም የለበትም። "እሰይ" አልኩና ለማንም ሳልናገር ዋልኩ። ማታ ገበዙ መጥተው ወሰዱት።

የከተራ ዕለት ታቦቱ ወጣ፤ እልልታው ቀለጠ፤ ድባቡ ፀሐይ ላይ ተዘረጋ። አመድማ ነገር ወጥቶበታል። አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ፣ አንዱ ከጫፉ፤ ሦስት ቦታ ቀለሙ ተበልቷል። ሰው እርስ በርሱ ተያየ፤ የገበዙ ፊት ጠቆረ።

በዓሉ እንዳለፈ ልብስ ሰፊው ተጠርተው ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሙ። እኔ ለአባቴ መቋሚያ ይዤ ሄጄ ስለነበር ሁሉንም አይቻለሁ። ገበዙ "የመኪና ዘይት አንጠባጥበውበት በበረኪና አጥበውታል!" አሉ። ሽማግሌው ድባቡን ተቀብለው አጠፉት፣ ዘረጉት፣ እንደገና አጠፉት። ብዙ ቆዩ። ከዚያ "እኔ በረኪና አላስነካሁትም" ብለው መልሰው ሰጡ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የሚባለው ይኸው ነው፤ እኔ እዚያው ቆሜ፣ መቋሚያውን ታቅፌ፣ ሲላከክባቸው አየሁ።

የሚያምን ስለጠፋ ነገሩ ወደ ግዝት ሄደ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተራው የአባቴ ነበር። መስቀላቸውን ከፍ አድርገው፣ "ይህን ያደረገ፣ ሲደረግ ያየ፣ አውቆም የደበቀ፣ እስኪገለጥ ድረስ ከቤተ ክርስቲያን የተለየ ይሁን!" አሉ። ሕዝቡ "ይሁን" አለ። እኔም ከሴቶቹ መካከል ቆሜ፣ በገዛ አባቴ አፍ ስገዘት፣ "ይሁን" አልኩ። ስንወጣ አንዲት ጓደኛዬ አገጬን ያዝ አድርጋ "አንቺ፣ ጉንጭሽ እኮ ጠራ! እንዴት አምሮብሻል!" አለችኝ። ደስ አለኝ። አበስኩ ገበርኩ፣ በዚያች ሰዓት ደስ አለኝ!

ከዚያ እሑድ ጀምሮ ልብስ ሰፊው ቤተ ክርስቲያን አልገቡም። ከቅጥሩ በር ውጭ ቆመው ያስቀድሳሉ፤ ሕዝቡ ሲወጣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ይሄዳሉ። ሰው "ካላጠፉ ለምን አይገቡም? ግዝቱ ይዟቸው ነው" አለ። የቤተ ክርስቲያን ልብስ የሚሰጣቸው ቀረ። ዐቢይ ጾም አለፈ፣ ፋሲካ አለፈ፣ ሰኔ ዝናቡን ይዞ መጣ፤ እሳቸው ጋቢያቸው እየበሰበሰ ውጭ ናቸው። እኔ ግን እገባ ነበር። በአጠገባቸው አልፌ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ እገባ ነበር።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የሚያውቀው ሰው አፉን ከዘጋ በየት በኩል ነው የሚጠራው? የፍልሰታ ጾም ሲገባ እህል አልወርድ አለኝ። አንድ ቀን ከቤት ወጥቼ በቀጥታ ገበያው ዳር ሄድኩ።

"አባቴ፣ ድባቡን ያበላሸሁት እኔ ነኝ" አልኳቸው።

መኪናቸውን አላቆሙም። "አውቃለሁ" አሉ።

"እንዴት አወቁ?"

"እንደ ቀድሞው አጥፌ ሳየው። ሲዘረጋ ነው እንጂ የተበታተነው፣ ሲታጠፍ ፊት ነው፤ ግንባርና ሁለት ጉንጭ። አንቺ ቤት ማደሩ ቢቀር ውሏል። የአረንጓዴ ቀሚስሽን አንገት የጠገንኩትስ እኔ አይደለሁ? ያው ነው፣ እንደዚያው ነው የተበላው።"

እንባዬ መጣ። "ታዲያ ለምን አልተናገሩም?"

"የቄስ ልጅ ነሽ፣ ገና አላገባሽ። ታቦት አረከሰች የሚል ስም ይውጣብሽ?"

"እሺ፣ ይሁን፣ ግን እርስዎ አላጠፉም! ውጭ የሚቆሙት ለምንድን ነው?"

ያን ጊዜ መኪናውን አቆሙ። እንደ ሞኝ አዩኝ። "አባትሽ ምን አሉ? አውቆ የደበቀ አላሉም? አውቄ ደብቄያለሁ። ግዝት ቀልድ መሰለሽ እንዴ?"

ቤት እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። አባቴን ብቻቸውን ጠብቄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ፤ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። አንሥተው አቆሙኝና "እሑድ ግዝቱን እፈታለሁ" አሉ። "ስምሽን ከጠራሁ የሰውዬው ስም ይጸዳል። ንስሐ ነው ካልሽኝ ግን ከአፌ አይወጣም። አንቺ ምረጪ፤ እኔ አልመርጥልሽም።"

አንድ አስተማሪ ለመስከረም ሽማግሌ ሊልክብኝ እንደሆነ ሰምቼ ነበር። ፊቴም ጠርቷል፤ ከተላጠ፣ ከተቃጠለ፣ ያን ሁሉ ካሳፈረኝ በኋላ ገና ሰው ሊያየኝ ነው። "አባባ፣ ንስሐ ነው" አልኳቸው። ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

እሑድ መስቀላቸውን አንሥተው "ያጠፋው ተናዟል፣ ግዝቱም ተፈትቷል፤ እግዚአብሔር ይፍታ" አሉ። ገና ቃላቸው ሳያልቅ ልብስ ሰፊው የቅጥሩን በር አልፈው ገቡ። ደፋ ብለው መድረኩን ሳሙ። ሕዝቡ ሁሉ ዞሮ አያቸው። ሹክሹክታው ከወንዶቹ ወደ ሴቶቹ ተሻገረ፦ "ለካስ ራሳቸው ኖረዋል! ተናዘዋል!"

አጠገቤ የቆመችው ሴት በክርኗ ነካ አደረገችኝና "እሳቸው ናቸው ማለት ነው አይደል?" አለችኝ።

"አዎን" አልኳት።