ራስ የሌለው ሽመላ

ሽመላ ነጭ ወፍ ነው፤ ጥቁሩ የክንፉ ጫፍ ብቻ ነው። እኔ የምሠራበት የውሃ ቀለም ደግሞ ነጭ አልነበረውም፤ ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነው። ስለዚህ ሽመላ የሚስል ሰው ወፉን አይነካውም፤ ዙሪያውን ያለውን አፈር፣ ሣርና ሰማይ ይቀባና ወፉን ባዶ ይተወዋል። ይህን ጠመንጃ ለያዘ ሰው ማስረዳት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የተማርኩት በደርግ ዘመን፣ ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ነው።

ያኔ ደሴ ውስጥ የሳይንስ መምህርት ነበርኩ፤ ሆጤ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። የበልግ ዝናብ ማካፋት ሲጀምር ሽመሎች ወደ ሰሜን ሲያልፉ ቦርከና ወንዝ ዳር ያርፋሉ፤ ከሚያርስ በሬ ኋላ ኋላ እየሄዱ ከትልሙ ውስጥ ትል ይለቅማሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ ቁልቁል ወርጄ እነሱን እስል ነበር። ሰው ከቤቱ መውጣት በሚፈራበት ጊዜ ወፍ ፍለጋ ሜዳ መውረዴን ጓደኞቼ እንደ እብደት ነበር የሚቆጥሩት። እኔ ግን ግትር ነኝ፤ አትሂጂ ካሉኝ የግድ እሄዳለሁ።

የምቀመጥበት ማሳ መንደሩ ሁሉ ሼሁ የሚላቸው የአንድ አዛውንት ነበር። በመጀመሪያው ቀን ወረቀቴን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። ሩህ፣ ማለት ነፍስ፣ ያለውን ነገር መሳል ሐራም መሆኑን ነገሩኝ፤ የቂያማ ቀን፣ ፍርድ ሲቆም፣ ሠዓሊው የሠራው ነገር ላይ ሩህ ንፋበት ይባላል፣ አይችልም፣ ያን ጊዜ ምን ልትይ ነው አሉኝ። እኔ ዓይናቸው የፈጠጠ መላእክት በተሳሉበት ቤተ ክርስቲያን ነው ያደግሁት፤ ያ ቀን ሲደርስ አስብበታለሁ ብዬ መለስኩላቸው። አፈ ጮሌ ነበርኩ። አልሳቁም። ስንከራከር ረፍዶ በመጨረሻ ተስማማን። ራስ የሌለው ነገር ሩህ አለው አይባልምና ወፉን ያለ ራስ እስላለሁ። ቃሌን ሰጠኋቸው። ቤቴ ገብቼ ራሱን ልጨምርበት እችል ነበር፤ አንድ ሁለቴም ብሩሽ አንስቻለሁ፤ እሳቸው ትዝ እያሉኝ ተውኩት። እንዲህ እንዲህ እያለ ደብተሬ ራስ በሌላቸው ሽመሎች ሞላ።

የሰሜኑ ጦርነት እየቀረበ ሲመጣ አስፋልቱ ላይ ወታደር የጫኑ ኦራሎች መመላለስ አበዙ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባልበት ጊዜ ነበር። በአንዱ ቅዳሜ አንድ ካድሬና አንድ የገበሬ ማኅበር ታጣቂ ከኋላዬ መጥተው ቆሙ። ካድሬው ደብተሬን ከጭኔ ላይ አነሳው።

ቀስ እያለ ገለጠ። ተራራው አለ፣ ወንዙ አለ፣ አስፋልቱ አለ። በመካከላቸው ነጭ ባዶ ቦታ፣ ከጎኑ ጥቁር ጭረት። በሚቀጥለውም ገጽ እንዲሁ። በሚቀጥለውም።

ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ወፍ ነው አልኩት። ወፉ የታለ አለኝ። ነጩን ባዶ በጣቴ አሳየሁት። ወረቀቱን አገላብጦ አየው፤ ያን ጊዜ እሱ የሚያየው ለእኔም ታየኝ። ካርታ ነበር የሚያየው፤ አንድ ነገር ሊጻፍባቸው የተተዉ ቦታዎች ያሉበት ካርታ። ከትምህርት ቤታችን አንድ መምህር ኪሱ ውስጥ በተገኘ ቁራጭ ወረቀት ተወስዶ እስከዚያ ቀን አልተመለሰም ነበር።

ሼሁን ጠይቋቸው አልኩ። ከአፌ እንደወጣ ተጸጸትኩ፤ ምንም የማያውቁ ሽማግሌ ከእኔ ጋር መጎተቴ ነው። ታጣቂው ከእርሻቸው ጠራቸው፤ ጅራፋቸውን እንደያዙ መጡ።

«ወላሂ እኔ ነኝ ራሱን እንዳትሠራ ያልኳት» አሉ። «ወፍ ነው። ሽመላ ነው።»

ካድሬው ሳቀ። እንግዲያው ወፍ ከሆነ አሁን፣ እፊቴ፣ ራሱን ትሥራለት አለ። ካልሆነ ወደ ጣቢያ ትሄዳለች። ደብተሩን የዚያን ቀን ገጽ ላይ ገልጦ መለሰልኝ።

ሽመሎቹ ምንም እንዳልተፈጠረ ትልሙ ውስጥ ይለቅማሉ። ብሩሹን ውሃ ውስጥ ስነክር ጣሳውን ደፋሁት። ሼሁን አየኋቸው። ለቃሌ ስል አመነታሁ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ውሸት ነው። ፈርቼ ነበር፤ እንዲፈቅዱልኝ ብቻ ነበር የምጠብቀው።

ገባቸው። ዞረው ጀርባቸውን ሰጡኝ፤ ፊታቸውን ወደ በሬዎቻቸው አደረጉ።

«ሥሪው ልጄ» አሉ። «እኔ አላይም።»

በእርጥቡ ብሩሽ የአፈሩን ቀለም ጠርጌ ነጩን አንገትና ራስ አወጣሁ። ቀዩን ምንቃር በአንድ ጭረት ሠራሁት፤ ወረቀቱ ስላልደረቀ ጫፉ ትንሽ ፈሰሰብኝ። ዓይኑ ቀረ። አንድ ጥቁር ነጥብ። እሱን ሳሳርፍ ያ ባዶ ቦታ ዞር ብሎ ያየኝ መሰለኝ። ታጣቂው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለራሱ ያህል፣ ሽመላ ነው አለ።

ካድሬው ሜዳውን አየ፣ ወረቀቱን አየ። ገጹን ገንጥሎ እርጥብ እንደሆነ አጥፎ ኪሱ ከተተው፤ ደብተሩን እግሬ ሥር ጣለልኝ። ያለ መንቀሳቀሻ ወረቀት ሁለተኛ እዚህ እንዳትታዪ አለኝና ሁለቱም ሄዱ።

ሼሁ ገና አልዞሩም ነበር።

«ሄዱ?»

«ሄዱ።»

«ዓይኑንም ሠራሽለት?»

«ሠራሁለት። ይቅር ይበሉኝ አባቴ።»

ጅራፋቸውን በእጃቸው ላይ ጠቀለሉ። የመጀመሪያውን ቀን ክርክራችንን እያሰቡ እንደሆነ አወቅሁ፤ እኔም እሱኑ እያሰብኩ ነበርና። ከዚያ ዞረው ወረቀቱን ሳይሆን እኔን አዩኝ።

«የቂያማ ቀን ሲጠይቁሽ» አሉ፣ «ሼሁ አዝዞኝ ነው በይ። እኔም እዚያው ነኝ፤ አዎ እላለሁ።»

ወደ በሬዎቻቸው ተመለሱ። እኔ ብሩሾቼን ሰብስቤ አስፋልቱ ዳር አውቶቡስ እስኪመጣ ድረስ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ወፍ ስያለሁ፤ ካድሬው ኪስ ውስጥ ከገባው በቀር ራስ ያለው አንድም የለም።