ሻለቃው በየቀኑ የሚደውልላት ሴት

አሥራ አራት ዓመት የወታደር ከባድ መኪና የነዳችውን ሴት ባልደረቦቿ «ማርሽ» ነበር የሚሏት። ከኋላ የተጫኑት ወታደሮች እንቅልፋቸው ሳይረበሽ ዳገቱን ታወጣቸው ነበር ይባላል።

በሠላሳ ስድስት ዓመቷ አንድ ጠዋት መንገዱ ሁለት ሆኖ ታያት። አንድ ዓይኗን ስትጨፍን አንድ ይሆናል፤ ስትገልጥ መልሶ ሁለት። መኪናውን ዳር አስይዛ ቁልፉን ነቀለችና ተተኪ ሹፌር እንዲላክላት በሬዲዮ ጠየቀች። አለቃዋ መጀመሪያ የጠየቃት ጠጥታ እንደሆነ ነበር። ዓይኗ በሦስት ሳምንት ተሻላት፤ ከወራት በኋላ ግን ግራ እግሯ ከጉልበት በታች የሰው እግር መሰላት። ዓመት ሙሉ ድካም ነው፣ የቫይታሚን እጥረት ነው፣ ሐሳብ አብዝተሽ ነው ሲሏት ቆይተው፣ በመጨረሻ የነርቭ ሐኪሙ የጭንቅላቷን ምስል አይቶ መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባል የነርቭ በሽታ እንደያዛት ነገራት። ለሚጠይቋት ሁሉ በሙያዋ ነበር የምታስረዳው፦ ሞተሩ ደህና ነው፣ ጎማውም ደህና ነው፤ ልባሱ የተላጠው ሽቦው ነው፤ ስለዚህ መብራቱ አንዳንዴ ይበራል፣ አንዳንዴ እምቢ ይላል።

ከመሪው አንስተው ስምሪት ክፍል አስቀመጧት። እዚያ እያለች የሆስፒታሉ ነርስ አንድ ቀን ጠራቻትና፣ የዚያኑ ዕለት በሽታው ተነግሮት አልናገርም ያለ ወታደር አጠገብ እንድትቀመጥ ለመነቻት። ወታደሩ በመጨረሻ የሸሚዟን ቁልፍ ራሷ ትቆልፍ እንደሆነ ጠየቃት። ደህና በሆነች ቀን ራሷ፣ ባልሆነች ቀን እናቷ እንደሚቆልፉላት ነገረችው። ከዚያ ወዲህ ነርሷ ቁጥሯን ለሌሎችም መስጠት ጀመረች። በአራት ዓመት አሥራ አንድ ሰዎች ሆኑ። ስለ መድኃኒት አትመክርም፤ የሰማችውንም ለሰው አታወራም። አብረዋት የሚኖሩት እናቷ፣ «ሐኪም ሳልወልድ ቤቴ ክሊኒክ ሆነ» ይላሉ።

አሥራ ሁለተኛው ሰው ሻለቃ ነበር። ሕመሙን ካወቀ ስምንት ወር ሆኖታል፤ ከሐኪሞቹ በቀር ለማንም ትንፍሽ አላለም። መርፌውን በየሁለት ቀኑ ቢሮውን ዘግቶ ራሱ ይወጋል። አለቆቹ ቢያውቁ ገለል ያደርጉኛል ብሎ ይፈራል፤ ከሁሉ በላይ ግን ሚስቱ እንድታዝንለት አይፈልግም። በየቀኑ በምሳ ሰዓት መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ለሹፌሯ ይደውላል፤ አንዳንድ ቅዳሜም ቤቷ ብቅ ይላል። እሷም ለባለቤቱ እንዲነግራት ሳትሰለች ትወተውተዋለች። የእሱም መልስ አንድ ነው፦ በሚቀጥለው ሳምንት።

ሚስቱ የሒሳብ መምህርት ናት። ባሏ ከሥራ እንደገባ ይተኛል፤ ስታወራው ልቡ ሌላ ቦታ ነው፤ ስትጠጋው ይሸሻል፤ ስልኩ ላይ ደግሞ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ አንድ ቁጥር አለ። ደወለች፤ ያነሳችው ሴት ናት። ዘጋችና ሁለትና ሁለትን ደመረች። ቅዳሜ ባሏ ሲወጣ በታክሲ ተከትላ የገባበትን በር ለየች፤ ማክሰኞ ብቻዋን መጥታ አንኳኳች።

የከፈቱላት እናትየው ነበሩ። ፊቷን ሲያዩት አዲስ የታመመ ሰው ቤተሰብ መሰለቻቸው፤ አስገብተው አስቀመጧትና እጇን ይዘው፣ «አይዞሽ ልጄ፣ መጀመሪያ ላይ ሁሉም እንዲህ ነው የሚሆነው። ቀስ በቀስ ትለምጂዋለሽ፤ እኛስ ለምደነው የለ?» አሏት።

መምህሯ እጇን ነጠቀች። ባሏን ቀምተው ልመጂው የሚሉ ሰዎች ቤት የገባች ነው የመሰላት። ልትነሳ ስትል ሹፌሯ በከዘራ ተደግፋ ከውስጥ ወጣች። መምህሯ በሐሳቧ ስትጣላት የከረመችው ሴት ከዘራ አልነበራትም።

«ባሌን ከየት ነው የምታውቂው?» አለቻት።

ሹፌሯ ማን እንደሆነች ወዲያው ገባት። «እንዳሰቡት አይደለም። ምን እንደሆነ መናገር ግን የእኔ ድርሻ አይደለም» አለችና እዚያው ፊቷ ስልኳን አንስታ ደወለች። «ሻለቃ፣ ባለቤትዎ እኔ ቤት ተቀምጠዋል። የሚቀጥለው ሳምንት ዛሬ ነው።»

እስኪመጣ አርባ ደቂቃ ፈጀ። እናትየው ስህተታቸው ገብቷቸው ወደ ጓዳ ገቡ። መምህሯ ግድግዳው ላይ የተተከለውን የብረት መደገፊያ፣ በተከፈተው በር የሚታየውን የመታጠቢያ ቤት ወንበር፣ ከዘራውን ተራ በተራ አየች። «ሕመም ነው?» ብላ ጠየቀች። ሹፌሯ፣ «እሳቸው ይንገሩዎት» አለቻት።

ሻለቃው መጣ። ደፉ ላይ ብረቱን ይዞ እንደቆመ፣ ሪፖርት እንደሚያቀርብ ሰው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገረ። ሚስቱ ሳታቋርጠው ሰማች።

«የሌለች ሴት ስረግም ነው የከረምኩት» አለች። ቀጥላም፣ «ብትኖር ይሻለኝ ነበር» አለች። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች። «አይ፣ አይሻለኝም።»

ዘጠኝ ቀን አላናገረችውም። መርፌውን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የምትወጋው እሷ ሆነች።

በአሥረኛው ቀን ሹፌሯ ቤት ብቻዋን ተመለሰች። እናትና ልጅ ይቅርታ ልትጠይቅ የመጣች መሰላቸው። እሷ ግን ጥያቄ ይዛ ነበር የመጣችው፦ «እናንተ እርስ በርስ ትደዋወላላችሁ። እኛስ ለማን ነው የምንደውለው?»

ሹፌሯ ወደ እናቷ ዞረች። ለአሥራ ሁለት ሰው ጆሮዋን ስትሰጥ የገዛ እናቷን አንድ ቀን እንዴት ነሽ ብላ ከልቧ እንዳልጠየቀቻቸው ያን ጊዜ ነው የታወቃት።

የቤተሰቦቹ ስብሰባ እንዲህ ተጀመረ፤ ቅዳሜ ጠዋት፣ መምህሯ በምታስተምርበት ክፍል ውስጥ። በመጀመሪያው ቀን አራት ሰው የተማሪ ዴስክ ላይ ተጣቦ ተቀመጠ። እናትየው ደህናውን ሻርፓቸውን አድርገው ሄዱ፤ ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር፤ ምን እንደተባለ ግን አልተናገሩም። ሻለቃው ለአለቆቹ አሳወቀ። አላሰናበቱትም፤ ወደ ማሠልጠኛ አዛወሩት። ቦታውን አልወደደውም፤ እስካሁንም አይወደውም።

ባለፈው ክረምት ሹፌሯን ሕመሙ ክፉኛ ጣላት፤ ሁለቱም እግሮቿ ከዷት፣ ለሦስት ቀንም የማንንም ስልክ አላነሳችም። በአራተኛው ቀን ራሷ ለሻለቃው ደወለች።

«ዛሬ አይምከሩኝ፤ ብቻ አይዝጉት» አለችው።

ሻለቃው ፊቱ የነበረውን ጋዜጣ አንስቶ የስፖርቱን ገጽ ከነደረጃ ሰንጠረዡ አነበበላት። ሹፌሯ ኳስ አትወድም። በማግስቱም ደወለች።