ሽማግሌዎቹ ያልቀመሱት ዳቦ

ሰሞኑን የልጅ ልጄ ዘሀራ ለፈተና ስትዘጋጅ ወልቂጤ ያለው ቤታችን በእንግሊዝኛ ተሞልቷል። ትናንት እርሳሷን እያኘከች፣ «እማማ፣ ‹ብሪንግ› እና ‹ቴክ› አሳበዱኝ! የቱ ማምጣት፣ የቱ መውሰድ እንደሆነ ይምታታብኛል» አለችኝ።

እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። እነዚያን ሁለት ቃላት ግን አውቃቸዋለሁ፤ አንዴ አንቀው ይዘውኝ ነበር።

እናት አባቴ ስለሞቱ ልጅነቴን ያሳለፍኩት ቡታጅራ ዳር ከምትኖር አንዲት የውጭ አገር ነርስ ቤት እያገለገልኩ ነው። ሲስተር እንላታለን። የእሷ አማርኛ ከሰላምታ አያልፍም፤ የእኔም እንግሊዝኛ ከወጥ ቤት አይወጣም። «ብሪንግ» ብላ አምጪ ስትለኝ ይዤ እወጣለሁ፣ «ቴክ» ብላ ውሰጂ ስትለኝ ይዤ እገባለሁ፤ ትስቅብኛለች።

ጥቅምት ነበር፤ በየደጁ የተሰጣው በርበሬ ያስነጥሳል። አጎቴ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ ከእንሴኖ መጣ። አባቴን ለሚያህል የበርበሬ ነጋዴ ሊድረኝ ቆርጧል። «አሰላሙ አለይኩም» ብለው ተቀመጡ።

«ያለሽው በእሷ ቤት ነው፤ ሳናስፈቅድ ብንወስድሽ ነውር ነው። ንገሪያት» አለኝ አጎቴ።

እንዴት ብዬ ልንገራት? ሲስተር እንግዳ መጣልኝ ብላ ትኩስ ዳቦ ማር ቀብታ ሳህኑን አስያዘችኝ። ወደ እነሱ እያመለከተች፣ «ቴክ!» አለችኝ።

እግሬ ደጃፉ ላይ ቀረ። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ የለመነው ሳይፈቀድለት እህል አይቀምስም። የቤቱ ባለቤት አቅርባ እነሱም ከቆረሱ አለቀ፤ ልጅቱ ተሰጠች ማለት ነው። ሲስተር ይህን ከየት ታውቀው?

«ምን ይገትርሻል? አቅርቢው እንጂ!» አለ አጎቴ።

«ፈረንጇ እሺ ብላለች» አለ አንደኛው ሽማግሌ ጢሙን እየዳሰሰ። «ማርም ጨምራበታለች።»

ከፊቴ እነሱ፣ ከኋላዬ እሷ። ማምጣት ልበል መውሰድ? ተሳስቼ «ብሪንግ» ብል ስጦታ ያመጡልኝ መስሏት ትደሰታለች። ዞርኩና ዳቦውን፣ እነሱን፣ ከዚያ ደረቴን እያሳየሁ፣ «ዜይ ኢት... ዜይ ቴክ ሚ» አልኳት፤ ከበሉ ይወስዱኛል ማለቴ ነበር። እንባዬ መጣ። «ሚ፣ ኖ!»

ፈገግታዋ ጠፋ። አጎቴን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ሳህኑን ከእጄ ተቀብላ ወደ ወጥ ቤት መለሰችው።

አስተርጓሚ አላስፈለገም። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ። አጎቴ ሲያልፍ፣ «የፈረንጅ አፍ አውጥተሽ አዋረድሽኝ» አለኝ።

ዘሀራ እርሳሷን አስቀመጠች። «ከዚያስ፣ ታረቃችሁ?»

«ኢድ በመጣ ቁጥር እሄድ ነበር። ሰላምታዬን ሳይመልስልኝ ሞተ።»

አሁን በእርጅናዬ አዝንለታለሁ፤ በእሱ ቤት ወላጅ የሌላትን ልጅ ከሰው ደጅ ማንሣቱ ነበር። ግን ያ ቀን ቢመለስ ያንኑ ነው የምለው።