ስሙም ቁጥሩም አንድ፤ የትኛውን ላጥፋ?

ጠዋት፣ ከደሴ

ከቤት የወጣሁት ቁርስ ሳልበላ ነው። ኮምቦልቻ ያለ አንድ የጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ፕሮግራም ተጣብቆ ኮምፒውተሮቹን አንቆ ይዟል፤ የማቅለሚያው ፎርማን ሰይድ ደግሞ ለእኔ ለኮምፒውተር ጠጋኙ መደወሉን አያቆምም። ሰኞ ገበያ አጠገብ ሚኒባሱ እስኪሞላ ስወጣ ስገባ ረዳቱ፣ "ወንድሜ፣ አንተ ብትረጋልን እኮ ይሞላል" አለኝ። ቁልቁለቱን ስንያያዘው ብርዱ ወደ ኋላ ቀረ። ጃኬቴን አወለቅሁ፣ ስልኬ እንደገና ጮኸ።

በሩ ላይ

"ሰይድ ጠርቶኝ ነው" አልኩት ጥበቃውን።

"የትኛው ሰይድ? የሐይቁ ነው የወረኢሉው?"

"ፎርማኑ!"

"እህ፣ የወረኢሉው በለኛ።"

የቸኮለ ሰው ይዞ እንዲህ መጠየቁ አበሸቀኝ።

ማቅለሚያ ክፍል

እዚህ ያለው ኮምፒውተር አሮጌ፣ ሰይድ ቢሮ ያለው አዲስ ነው፤ በኔትወርክ ተያይዘዋል። የአሮጌው ሲስተም ረጅም ስም ስለማይችል ሁለቱም ላይ "የቀለም ቁጥጥር"ንም "የቀለም ሪፖርት"ንም ቆርጦ "የቀለም" ብቻ ይላቸዋል። ለሚሠሩት ፕሮግራሞች ቁጥር የሚሰጠው ደግሞ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ለራሱ ነው፤ አንዱ ቁጥር ሁለቱም ላይ ሊገጥም ይችላል።

ሰይድ የተጣበቀውን ፕሮግራም ቁጥር በቃሉ ይዞ መጣ። "የቀለም የሚለው ነው፣ አጥፋው!" ስሙም ቁጥሩም ከፊቴ ስክሪኑ ላይ አለ። ጣቴን ማጥፊያው ቁልፍ ላይ አሳረፍኩ።

ቀለም ነካሪዋ እትዬ ዘይነባ ጨርቅ ከሚነከርበት ጋን አጠገብ ቆመዋል። "አደራህን ልጄ፣ ጨርቁ ውስጥ ነው። ባለፈው ተበላሽቶብኝ ማስጠንቀቂያ ላይ ነኝ። ዛሬ ከቆመ፣ ወላሂ፣ ያባርሩኛል።"

የጥበቃው ጥያቄ ትዝ አለኝ።

"ሰይድ፣ ቁጥሩን ያየኸው የትኛው ኮምፒውተር ላይ ነው?"

"ቢሮዬ ያለው ላይ።"

ጣቴን ከቁልፉ አነሳሁ። ከፊቴ ያለው ጋኑን የሚያዞረው ፕሮግራም ነበር። ቢሮው ሮጥን፤ የተጣበቀውን ሪፖርት እዚያው አጠፋሁት። ስንመለስ ጋኑ እየዞረ ነው።

ከእንግዲህ ከየፕሮግራሙ ስም በፊት የኮምፒውተሩ ስም እንዲታይ አደረግሁ። "ይሄኛውን ኮምፒውተር 'ዘይነባ' ልበለው?" ስላቸው፣

"ተው! በተበላሸ ቁጥር እኔን ሊጠሩ?"

"ማቅለሚያ" አልኩት።

ማታ፣ ደሴ

ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ሰይድ ደወለ። "የቀለም የሚለው ደግሞ ቆመ!"

"የትኛው ኮምፒውተር ላይ ያለው?"

ስሙን ከስክሪኑ አነበበ። "የቢሮው ነው። የማቅለሚያው ይሠራል፤ እትዬ ዘይነባም ጨርቁን አውጥተው ቤታቸው ገቡ።"

"እንግዲያው እስከ ነገ ይቆይ" አልኩትና፣ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ ብዬ በላሁ።