ሐሺሽ ቤት መስሎኝ የደበደብኩት በር

ወገኖቼ፣ ጌታ ለእኔና ለልጄ ያደረገውን ሳልናገር ብቀመጥ ሆዴ አይችለውም። ጮክ እንደማይባል አውቃለሁ፤ ቀበሌው ቅርብ ነው። ግን ተናድጄ ነው የቆምኩት፤ ድምፄ ከፍ ካለ ነጠላዬን ጎተት አድርጉልኝ።

ፒያሳ ኬክ ቤት ባንኮኒ ላይ ነው የምሠራው። ማኪያቶ ይዘው የሚከራከሩትን ስሰማ ነው የምውለው። በዚያ ሰሞን ወሬው ሁሉ ሐሺሽ ነበር። ወንድሜ ግርማ፣ የተማረው፣ ጫት ተፈቅዶ፣ አረቄ ተፈቅዶ፣ ይሄ ቅጠል ምን አደረገ? ይፈቀድና ግብር ይከፈልበት ይላል። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ደግሞ በውይይት ላይ አጫሽ ሁሉ ፀረ አብዮት ነው፣ ይለቀም ይላል። አንዱ ለልጄ ሊሸጥለት፣ አንዱ ልጄን ሊያስርብኝ! ሁለቱም ዛሬም ድረስ ያንገበግቡኛል። ጌታ ይቅር ይበለኝ።

ልጄ ሳምሶን ያኔ ከሐሺሽ በቀር የሚያውቀው አልነበረም። ትምህርቱን ጣለ፤ ግድግዳ እያየ ብቻውን ያወራል። ሐኪሙ ካላቆመ አእምሮው አይመለስም፣ እኛም የምንሰጠው መድኃኒት የለንም አለኝ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጠፋብኝ። ጎረቤቴ፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ውስጥ በጠራራ ፀሐይ መስኮቱ የሚዘጋ፣ ሰው አንድ አንድ እያለ የሚገባበት ቤት አለ፣ እዚያ ሳያጨሱ አይቀሩም አለችኝ። ሄጄ በሩን በጡጫ ደበደብኩት።

«ልጄን አውጡልኝ! ቀበሌ ነው የምጠራባችሁ!»

ያ ቤት ይሄ ቤት ነው፤ ፊታችሁ አመድ መስሎ ነበር። ሽማግሌያችን ጋሼ በቀለ ከፈቱልኝ። ገብቼ ባሸት ጭስ የለም፤ መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ። ሐሺሽ ቤት ስል ከቀበሌ የተደበቀ ጸሎት ቤት!

ጋሼ በቀለ «ልጄ፣ የልጅሽ ስም ማን ይባላል?» አሉኝ። ያ ሁሉ ተከራካሪ ስሙን ጠይቆኝ አያውቅም። ተንበርክካችሁ በሹክሹክታ ስሙን እየጠራችሁ ስትጸልዩለት ቁጣዬ ለቅሶ ሆነ። እዚያው ጌታን ተቀበልኩ። ክብር ለስሙ ይሁን!

ቤቴ ስመለስ ሳምሶን ደጃፍ ላይ ተቀምጧል። የሆነውን ስነግረው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ልጄ ሲስቅ ካየሁ ስንት ዘመኔ!

«እማዬ፣ ጴንጤዎቹን ሐሺሻም አልሻቸው? እስቲ አሳዪኝ» አለኝ።

ለጨዋታ ብሎ መጣ፤ ጌታ ያዘው። ሱሱ ሲያንቀጠቅጠው በየተራ እየመጣችሁ ከአጠገቡ አልተለያችሁም። ይኸው አእምሮው ተመልሶ ትምህርቱን ጀምሯል። ሃሌ ሉያ! በቀስታ፣ ወገኖቼ፣ ሃሌ ሉያ!

ግርማ አሁንም ይፈቀድ እያለ ማኪያቶውን ይጠጣል። ልጅሽ በገዛ ፈቃዱ ነው የተወው ይለኛል። ይበል። ሲንቀጠቀጥ ግን አንድ ቀን ብቅ አላለም።

አንቺ ከበሩ አጠገብ የተቀመጥሽው እህቴ፣ እንደ ሳምሶን የሆነብሽን ልጅ ሰው እንዳያይብሽ ቆልፈሽበት እንደመጣሽ አውቃለሁ። እኔም ደብቄ አይቼዋለሁ፤ አይሆንም። የኔን ልጅ ያዳነ ጌታ ያንቺን አይጠላም፤ በእሱ ታመኚ። ከዚህ ስንወጣ አብረን ነው የምንሄደው፤ ቁልፉን አዘጋጂ።